ፊቴ ያስበላኝ ጨዋታ

«ፊትህ ነገረኝ» አሉኝ ጋሼ።

የቼዝ ጨዋታችን አልቋል። ንጉሤን አስተኝቼ እጅ ሰጥቻለሁ። «ይሄን መክፈቻ ያውቁት ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መክፈቻ የምለው የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች ነው። ያው ተሸናፊ ሰበብ ይፈልጋል። አጥንተውት ከሆነ ሽንፈቱ ትንሽ ይቀለኛል ብዬ ነው። እሳቸው ግን «ኧረ እኔ ምኑንም አላውቀው። ፊትህ ነገረኝ» አሉና ጠጠሮቹን ለሚቀጥለው ጨዋታ መደርደር ጀመሩ።

መሸነፍማ ለምጄዋለሁ። ማስታወስ የሚቸግረኝ ጋሼን ያሸነፍኩበትን ቀን ነው። ያቺ መልስ ግን አልለቀቀችኝም። ባቡር ውስጥ ትመጣለች። ሥራ ቦታ ስብሰባ መሃል ትመጣለች። ቼዝ እኮ ምንም የማይደበቅበት ጨዋታ ነው። እንደ ካርታ በእጅ የሚሸሸግ ነገር የለም። እሳቸው የሚያዩትን እኔም አያለሁ፤ እኔ የማየውን እሳቸውም ያያሉ። ታዲያ ፊቴ ምን ቤት ነው?

ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዱፖንት ሰርክል ነው። እዚህ ከተማ የኖረ ሐበሻ ያውቀዋል። ታክሲ የነዳ ደግሞ አደባባዩን ስንት ጊዜ እንደዞረው ራሱም አይቆጥረውም። መሃሉ ላይ ፏፏቴ አለ። ወደ አንዱ ወገን ሰሌዳ የተሠራባቸው የድንጋይ ጠረጴዛዎች አሉ። በገንዘብ የሚጫወቱት ፈጣኖች ሰዓቱን በጥፊ እየመቱ፣ በአፋቸውም እየተተራረቡ ይጫወታሉ። እኔና ጋሼ ዳር ያለችዋን ጠረጴዛ ካገኘን ያለ ሰዓት ነው የምንቀመጠው። ጋሼ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቼዝ የለመዱት በደርግ ጊዜ፣ ለትምህርት ኦዴሳ በተላኩበት፣ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው። ከዚያ ይዘውት የመጡት ትምህርት አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ሁሉንም ከቤት አውጣ፣ ከዚያ ትጣላለህ።»

ብላ ተብሎ የተቀመጠ ወታደር

ያን ዕለት ጥቁር ነበርኩ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው የንግሥታቸውን ወታደር ሁለት ቤት ገፉ። እኔም የንጉሤን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቼ አፉ ሥር አኖርኩት። የሚጠብቀው የለም። በነጻ የተሰጠ ነው። ይህ እንግሉንድ ጋምቢት ይባላል። ጋምቢት ማለት ገና በመክፈቻው ጥቅም ፍለጋ ጠጠር መሠዋት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የአዴሌዱ አውስትራሊያዊ ሄንሪ ቻርሊክ ይህንኑ ወታደር እየሠዋ ይጫወት ነበር። ስሙን ያገኘው ግን ከስዊድናዊው ፍሪትዝ እንግሉንድ ነው። ሰውየው በ1932 ጨዋታዎቹ ሁሉ በዚህ መክፈቻ የሚጀመሩበት ውድድር ደግሶለት ነበር። ድግሱ መክፈቻውን አላስከበረውም። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ቁም ነገር ያለው ውድድር ላይ አይነኩትም። ኮምፒውተርም ገና ወታደሩ ሲበላ ነጭ ግልጽ ብልጫ አገኘ ይላል።

ጋምቢት ሁሉ እንዲህ አይደለም። የዌልሱ የመርከብ ካፒቴን ዊልያም ኢቫንስ በ1820ዎቹ ያመጣው አለ። እሱ ላይ አንድ ወታደር ትከፍላለህ። በለውጡ መሃሉን ትይዛለህ፣ በሰያፍ የሚሄዱት ቢሾፖችህ መንገድ ይከፈትላቸዋል፣ ተቃዋሚህ የበላውን ሲያወራርድ አንተ ጊዜ ታገኛለህ። ትክክለኛውን መልስ ቢመልስልህም የከፈልክበት ነገር እጅህ ላይ ነው። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ እንኳን በ1995 ሪጋ ላይ ህንዳዊውን ቪሺ አናንድን በዚሁ መክፈቻ በ25 እርምጃ ሸኝቶታል። እንግሉንድ ላይ ግን የምትከፍለው ለሌላ ሰው ስህተት ነው። ስህተቱ ካልመጣ ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

ታዲያ ለምን ትጫወተዋለህ? ስልክ ላይ ስለሚሠራ ነዋ!

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቼስ ዶት ኮም ላይ የሦስት ደቂቃ ጨዋታ እከፍታለሁ። ተቃዋሚዬ ማን እንደሆነ አላውቅም። የማየው ባንዲራና ቁጥር ነው። ወታደሬን ይበላል። ፈረሴን አውጥቼ የበላበትን ወታደር አጠቃለሁ፤ እሱም በፈረሱ ይጠብቀዋል። ንግሥቴን ከንጉሤ ፊት አቆማታለሁ፤ ቢሾፑን አውጥቶ ወታደሩን ደግሞ ይጠብቀዋል። ያኔ ንግሥቴ ዘላ ቢ 4 ላይ ትቆማለች (የሰሌዳው ቤቶች እንዲህ በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት)። ቼክ! ንጉሡንም፣ ቢሾፑንም፣ ቢ 2 ላይ ያለውን ወታደርም በአንዴ ይዛለች። ቢሾፑን መልሶ ንጉሡን ይጋርዳል። እኔ ቢ 2ን እበላለሁ። ወታደሬን አስመለስኩ፤ አሁን ደግሞ ጥግ የቆመው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሩኩ ላይ ዓይኔን ጥያለሁ።

እዚህ ጋ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። ቢሾፑን ሲ 3 ላይ ያወጣል። እንዴት አያወጣም? ሩኩን ያድናል፣ ንግሥቴንም ያባርራል። ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣ? ግን የኔ ቢሾፕ መጥቶ ቢ 4 ላይ ጉብ ይላል። የሱ ቢሾፕ ከንጉሡ ጋር ታሰረ፤ ከተነሳ ንጉሡ ስለሚጋለጥ ንግሥቴን መብላት አይፈቀድለትም። ንግሥቱን ለእርዳታ ዲ 2 ላይ ያመጣል። ቢሾፑን እበላለሁ፤ በንግሥቱ መልሶ ይበላል። ከዚያ ንግሥቴ ሲ 1 ላይ ትገባለች። ማት። ንጉሡ መሸሻ የለውም፤ በ8 እርምጃ አለቀ። በንግሥቱ ፋንታ በፈረሱ ቢበላ እንኳን ሩኩን ያጣል። ስልኬን አስቀምጬ እየሳቅኩ እተኛለሁ።

ያ ሰው ማዶ ሆኖ ምን እንደተሰማው አላውቅም። እሱም እኔ እንዴት እንደጠበቅኩት አያውቅም። ይህቺ ነገር ኋላ ላይ ነው የገባችኝ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ

ጋሼ እስከ ቢ 2 ድረስ ልክ እንደ ስልኬ ሰዎች ሄዱልኝ። ንግሥቴ ወታደሩን ስትበላ «እንዴ! ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ዝም። ከኋላችን አንዱ ፈጣን ሰዓቱን እየመታ ይጮኻል። ጋሼ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ወደ ዲ 2 ነው የሄደው። ወደ ቢሾፑ።

ሁሉም ነገር የሆነው እዚያ ጋ ነው። እጃቸው ቢሾፑ አናት ላይ ደረሰ። አልነኩትም። ሕጋችን «የነካ ይጫወታል» ስለሆነ ጋሼ ሳይወስኑ አይነኩም። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ያን ጊዜ ሰሌዳውን እያየሁ አልነበረም። ጣታቸውን ነበር የማየው። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳር ላይ ትንሽ እንደተሰነጠቀ ሁሉ አስታውሳለሁ። ትንፋሼን ይዣለሁ። በሆዴ «ንኩት፣ ንኩት፣ በሞቴ ንኩት» እላለሁ። ድብብቆሽ ሲጫወት መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ሳቁ የሚያመልጠው ሕፃን አይታችኋል? እኔ ነኝ ያ። የተደበቅኩ መስሎኛል።

እጁ ቆመ። ጋሼ ቀና አሉ። ሰሌዳውን ትተው እኔን አዩኝ። ብዙ አላዩኝም፤ ለአፍታ ነው። ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። እኔን የገደለኝ ያ ኪስ የገባ እጅ ነው። ትንሽ ቆዩና በግራ እጃቸው የንግሥቲቱን ወገን ፈረስ አንስተው ሲ 3 ላይ አስቀመጡት። እኔ ለቢሾፑ ያዘጋጀሁለት ቦታ ላይ ፈረስ ቆመበት።

ቼዝ የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቅጣት ነው። ፈረሱ ሲወጣ የንግሥታቸው መንገድ ተከፍቶ ሩኩን ከጎን ጠበቀችው። እኔ ቢሾፔን ቢ 4 ላይ አወጣሁ፤ ሌላ የማውቀው የለማ። ሩካቸው ቢ 1 ላይ መጣ፣ ንግሥቴ ሸሸች። ሩኩ ወደ ቢ 3 ወጣ፣ ደግማ ሸሸች። ወታደራቸውን ኢ 4 ላይ ገፉ። እኔ ሁለተኛውን ፈረሴን አወጣሁ። ያው ሩክ ቢ 5 ላይ መጣባት፤ ንግሥቴ ኤ 6 ገባች። አሁን ሩኩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ወርዶ ቢሾፔን በላ። እሱ ከመንገድ ሲነሳ ከጀርባው የነበረው ነጭ ቢሾፕ ኤ 6 ድረስ ወለል ብሎ ተከፈተለት። ሩኩን ልብላ ብል ንግሥቴ ትበላለች። ንግሥቴን ላሽሽ ብል ቢሾፔ በከንቱ ሄዷል።

ከመጀመሪያዎቹ 10 እርምጃዎቼ 6ቱን ያደረገችው ንግሥቴ ናት። ሁለቱ ሩኮቼ፣ አንዱ ቢሾፔና ንጉሤ ንቅንቅ አላሉም። ልብ በሉ፣ የሠዋሁትን ወታደር አስመልሻለሁ። በቁጥር እኩል ነበርን። ግን እሳቸው ቤታቸውን አጽድተው ወጥተዋል፤ እኔ ሴትዮዋን ይዤ ዳር ለዳር እሮጣለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶች ቼዝ ይጫወቱ ነበር ልበል? ከዚያ በኋላ ትንሽ ተፍጨርጭሬ ቀጥያለሁ። እሱን አልተርክላችሁም።

ታል ሊያስጨንቅ ነው የሚያየው

ጋሼ ያሉት እውነት ነው ወይ? አንዱ ልቤ «ቀልደውብህ ነው» ይለኛል። ፈረስ ሲ 3 ላይ ማውጣት ማንም የሚያደርገው ነገር ነው። «ሁሉንም ከቤት አውጣ» ብሎ የሚያምን ሰው ፈረስ ቢያወጣ ምን ይገርማል? ፊቴ ድንጋይ ቢሆንም ያንኑ ያደርጉ ነበር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ጠየቅኳቸው። «ፊቴን ባያዩ ኖሮ ቢሾፑን ያወጡት ነበር?»

«እኔ እንጃ» አሉ። «ላወጣው ነበር መሰለኝ። ግን አንተ ከኔ በላይ ቸኮልክልኝ።»

ይሄ ደግሞ ባሰ። ምክንያቱም ልክ ናቸው። ሌላ መክፈቻ ስጫወት እንዲህ አልሆንም። ስፓኒሽ የሚባለውን መክፈቻ ልጫወት እንበል። ጋሼ ይሄን ቢያደርጉ ያንን እመልሳለሁ፤ ያንን ቢያደርጉ ይሄን። አንድ የተለየ እርምጃ እንዲያደርጉልኝ አልጸልይም። ደስ ያለኝን ፊት ይዤ ብቀመጥ ጨዋታዬ አይለወጥም። እንግሉንድ ላይ ግን የኔ ተስፋ በሙሉ የሰፈረው አንዲት ቤት ላይ ነው፤ ሲ 3። እዚያች ቤት ላይ ቢሾፕ ካልመጣ እኔ ሌላ ዕቅድ የለኝም። ዓይኔ ከሰሌዳው ተነስቶ የሰው ጣት ላይ የሄደው ለዚህ ነው። ሰሌዳው ላይ እኮ ከዚያ በኋላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ሁሉም ነገር እሳቸው እጅ ውስጥ ነበር፤ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።

የሰው ፊት ቼዝ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ የመጀመሪያው አይደለም። በ1959 የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው ሰው የሚለይበት ውድድር ዩጎዝላቪያ ውስጥ ይካሄድ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሚካኤል ታል ጠጠር ካንቀሳቀሰ በኋላ ተቃዋሚውን ዓይን ዓይኑን የማየት ልማድ ነበረው። ሌላው ተወዳዳሪ ፓል ቤንኮ ይሄ ሰው በዓይኑ ያፈዝዘኛል ብሎ ፈራ። ለጨዋታቸው ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። ታል ይሄን አስቀድሞ ሰምቶ ኖሮ እሱም ትልቅ መነጽር ተውሶ አደረገ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጨዋታውን ታል አሸነፈ። በዓመቱ ደግሞ ሻምፒዮኑን ቦትቪኒክን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ይህን ታሪክ የምወደው ታልም ትክክል ያልሆነ መሥዋዕት በመክፈል የታወቀ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ መሥዋዕቶቹ ኋላ ሲመረመሩ ቀዳዳ ተገኝቶባቸዋል። ግን ቀዳዳውን ሰሌዳው ፊት ተቀምጦ፣ ሰዓቱ እየቆጠረበት፣ ታል እያየው ማን ያግኘው? አንድ መውጫ ብቻ ቢኖር እንኳን ሰውየው እሱን ለማግኘት ብዙ የተቆላለፈ ነገር ማለፍ አለበት። ታል እርግጠኛ ስለሆነ ሳይሆን አንተን ግራ ለማጋባት ስለሚችል ነው ቀና የሚለው። ታል የሚያየው ሊያስጨንቅ ነው። እኔ የማየው ልለምን ነው። የጋሼ እጅ አየር ላይ ሲቀር የተጨነቀው ማን ነበር? እሳቸውማ ተዝናንተዋል።

ግን አትሳሳቱብኝ። «አያዋጣም» የተባለ ነገር ሁሉ ይጣል አልልም። አሜሪካዊውን ቦቢ ፊሸርን በ1960 በአርጀንቲናዋ ማር ዴል ፕላታ የሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪ የንጉሥ ጋምቢት በሚባል መክፈቻ አሸነፈው። ፊሸር ተናደደ። በዓመቱ አንድ ጽሑፍ አወጣና ይሄ መክፈቻ ሞቷል፣ በትክክል ከተመለሰለት ነጭ ይሸነፋል አለ። ከዚያስ? በ1963 የአሜሪካ ሻምፒዮና ላይ ራሱ ነጭ ይዞ ያንኑ የንጉሥ ጋምቢት ተጫወተ። አሸነፈም። ቀብሩን ያወጀለትን መክፈቻ መልሶ ሲያነሳው ግን በሚገባ የተዘጋጀበት ሌላ መንገድ ይዞ ነው የመጣው። የሰውየውን ስህተት ብቻ ተስፋ አድርጎ አልተቀመጠም። አሜሪካዊው ሂካሩ ናካሙራም በ2005 አንድ ጠንካራ ውድድር ላይ በሁለተኛው እርምጃ ንግሥቱን ኤች 5 ላይ አውጥቶ ነበር፤ ጀማሪ ልጆች የሚያደርጉትን። ተሸነፈ። ግን የተሸነፈው ብዙ ቆይቶ፣ ከ80 በላይ እርምጃ ተጉዘው ነው። እሱም ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ ሊጫወት ነው የተቀመጠው።

ይህን ሳስብ የሚታየኝ ልዩነት ይሄ ነው። ደፋር ጋምቢት ተቃዋሚውን ያሳስበዋል። የኔው ግን ተቃዋሚዬ ባያስብልኝ ይሻለዋል። ስልክ ላይ ሦስት ደቂቃ የያዘ ሰው አያስብም፤ ስለዚህ ይሠራል። ጋሼ ደግሞ ከማሰብ ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ጡረታ ላይ ናቸው።

ወረራ

ሰንጠረዥ የሚባለው የጥንቱ የሀገራችን ቼዝ ትዝ ያለኝ በዚሁ ሰሞን ነው። መኳንንቱ የሚጫወቱት እሱ ነበር። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ በመስመር ብቻ የተከፋፈለ ነው። እንደ ዛሬዋ ንግሥት ከዳር ዳር የምትበር የለችም። በሷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። እንግሉንድ ላይ እንዳለችው ያለች ዘላይ ሴትዮ ለማምጣት አይመችም።

የሚገርመው ግን አጀማመሩ ነው። ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይጀምራሉ፤ አንዱ የአንዱን ሳይጠብቅ ጠጠሩን እንደፈለገ ያንቀሳቅሳል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ነው። ይህ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች ይሄን አይተው ተገርመው ጽፈዋል። ሁለት ሰዎች አራት እጅ ሆነው ጨርቁ ላይ ሲሯሯጡ ለማያውቀው ትርምስ ነው የሚመስለው። ግን አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ይለውጣል። ያኛው ፈረሱን ወደዚህ ሲያመጣ ይሄኛው ወታደሩን ወደዚያ ይገፋል። ዙሪያውን ተመልካች ያወራል፣ ይመክራል፣ ያሾፋል።

እጅ ማየት እዚያ ጨዋታው ራሱ ነበር። የዛሬው ቼዝ ሰውየውን እርሳ፣ ሰሌዳውን እይ ይለናል። ስልክ ደግሞ እጁንም ፊቱንም ጨርሶ አጠፋልን። ጋሼ ሰንጠረዥ ተጫውተው አያውቁም፤ ስለ ወረራ ስነግራቸው አዲስ ሆነባቸው። ወዲያው ግን «ታዲያ መጀመሪያ የበላ ሰው ራሱን ጎዳ በለኛ» አሉ። «ገና ያልተሰለፈ ካለው፣ በመብላቱ የራሱንም ወረራ አስቆመ።» እኔ እንዲያ አላሰብኩትም ነበር። በወረራ ሕግ ብሄድ ኖሮ ጋሼ ያቀረብኩትን ወታደር አይበሉም፤ ሁሉንም ከቤት እስኪያወጡ ድረስ እዚያው ይተዉት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ በምን እንዳሸነፍክም ይታያል። በሩክ ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ርካሽ ነገር ነው የሚባለው። በደካሞቹ ጠጠሮች፣ በተለይ በወታደር የጨረሰ ነው የሚመሰገነው። የኔን የ8 እርምጃ ማት ይዤ እዚያ ድንኳን ብገባ ማንም አያጨበጭብልኝም ነበር። ውጣ የሚለኝም አይጠፋ።

አልበላም ያለው ሰው

ጋሼ በኋላ «ኧረ እስቲ ቢሾፑን ባወጣው ምን ልታደርገኝ ነበር?» አሉኝ። ደርድሬ አሳየኋቸው። ንግሥቲቱ ሲ 1 ላይ ስትገባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይቺ ሌባ!» አሉ። ደግመህ አሳየኝ አሉ። ደገምኩላቸው። ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ብለው ተረቱብኝ። ከዚያ ሰሌዳውን አዙረው ራሳቸው በጥቁር ወገን ደረደሩት። እየሳቁ፣ አንድ በአንድ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

እኔ ስልኬ ላይ አሁንም እጫወተዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጋሼ ፊት ግን አልደፍርም።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ከዱፖንት ነው የሚደውሉት። ከጀርባቸው የሰዓቶቹ ጥፊ ይሰማኛል።

«ስማ» አሉ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ። «ከነዚህ ከሚንጫጩት ከአንዱ ጋር ተቀምጬ ነበር። በአምስት ዶላር።»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎና ሰዓት?»

«ዝም በል፣ ስማኝ። ጥቁር ደረሰኝ። ያቺን ወታደር ገፋሁለታ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ የሞተ ሰው መስዬ። እጁንም አላየሁም፣ ዛፍ ነው የማየው።»

«እሺ?»

«አልበላም አለኝ!»

«ምን?»

«አልበላም አለኝ እኮ ነው የምልህ! ዞርም ብሎ አላያት። የራሱን ወታደር ኢ 4 ላይ ገፋ።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን ላድርግ? እኔ በላሁት። ከዚያማ አሪፍ አድርጌ ይዤው ነበር፤ ሰዓቱ ነው የበላኝ። እንዴ፣ ሳይበላ ሲቀር ምን እንደሚደረግ መቼ አስተማርከኝ?»

«እኔም አላውቀውማ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ስትመጣ ሁለት ከሃምሳ ይዘህ ና። ግማሹ ያንተ ነው።»